የምላስ ካሳ

እህቴ የድግስ ወጥ ሠሪ ናት። ሽሮ ሜዳና ዙሪያው ሠርግ፣ ክርስትና ወይም ተዝካር ሲታሰብ፣ ድንኳን ከመከራየቱ በፊት የሚጠየቀው «እሷ ቀኑ ክፍት ነው ወይ?» የሚለው ነው። እኔና የሰፈሩ ልጆች እቴቴ እንላታለን። ሽንኩርት የሚከትፉ፣ ዶሮ የሚገነጥሉ፣ እሳት የሚያነድዱ ሴቶች ይዛ ትሄዳለች፤ የበርበሬውንና የጨውን ልክ ግን ለማንም አታስነካም። በጭልፋ ጫፍ ከድስቱ ታወጣና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች። ከዚያ «አንድ እፍኝ ጨምሩ» ወይም «ተውት፣ ደርሷል» ትላለች። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ እኔንም ኮሌጅ ያስገባኝ ገንዘብ የወጣው ከዚያው ነው።

ጥርሷ የተነሳባት በ2014 ዓ.ም. ጥር ውስጥ ነበር። ጥር ለድግስ ሠሪ የዓመቱ እንጀራ የሚገኝበት ወር ነው፤ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያመለጠ ሠርግ እስከ ፋሲካ ማግስት አይተካም። በግራ በኩል ያለው የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋዋ ግማሹ ብቅ ብሎ ግማሹ ድድ ውስጥ እንደተቀበረ ዓመታት ኖሯል። አልፎ አልፎ ሲያብጥ ቅርንፉድ ነክሳ፣ ለብ ባለ የጨው ውኃ ተጉመጥምጣ ታሳልፈው ነበር። ያን ሰሞን ግን አፏን መክፈት እንኳ አቃታት። እብጠቱ በአሞክሲሲሊን ጎደል ሲልላት «ይነቀልልኝና ልረፍ» ብላ ወሰነች፤ አስፋልት ዳር ፎቅ ላይ ወዳለ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። የክሊኒኩን ስም አልጠራውም። የተፈረደበትን ከፍሏል፤ የምጽፈውም እሱን ለማሳጣት አይደለም።

ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ በሩ ላይ ቆምኩ። ሐኪሙ ወጣትና ትሑት ሰው ነው። «እናቴ፣ አይዞሽ፣ ወዲያው ነው የሚያልቀው» እያለ ወንበሩን አስተካከለላት።

«ዶክተር፣ ራጅ አትነሳም?» አልኩት።

«አያስፈልግም፣ ይታያል እኮ» አለኝ፣ መብራቱን ወደ አፏ እያዞረ።

የሚታየው ከድድ በላይ ያለው ነው። ሥሩ ቀጥ ይበል ይጠምዘዝ፣ ከታች በምን አጠገብ እንደሚያልፍ በመብራት አይታይም።

ማደንዘዣው ያዘ፤ ጥርሱ ግን እምቢ አለ። በፒንሳ ተያዘ፣ በማንሻ ተገፋ፣ በመጨረሻ አናቱ ብቻ ተሰብሮ ወጣ። ያኔ የመቦርቦሪያው ማሽን ተነሳ። አጥንት ሲቦረቦር ያለውን ሽታ አንዴ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። ሐኪሙ ላብ አጠመቀው፤ ረዳቷም ደጋግማ ሰዓት ታያለች፣ ውጭ የሚጠብቅ ሰው በዝቶ ነበር። ማሽኑ ከጥርሱ ተንሸራትቶ ወደ ምላስ በኩል ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ። እቴቴ ከወንበሩ ብድግ አለች። በኋላ እንደነገረችኝ ኮረንቲ የያዛት መስሏት ነበር። ሐኪሙም ደንግጦ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ፤ ፋሻ አስነክሷት፣ የተረፈች ነገር ካለች ድዱ ራሱ ይገፋታል ብሎ ሸኘን።

ማታ ከንፈሯ ነቃ። የምላሷ የግራው ግማሽ ሳይነቃ አደረ፤ በማግስቱም ሳይነቃ ዋለ። ስትበላ ነክሳው ደም በእንጀራው ላይ ስታይ ነው መነከሷን የምታውቀው። ትኩስ ሻይ በግራ በኩል ከገባ ይልጣታል፣ አይሰማትም። ወደ ክሊኒኩ ስንመለስ «ይለቃል» ተባልን፤ ቫይታሚን ቢ ታዘዘላት። እንደገና ሄድን፣ እንደገና «ይለቃል»። በመሃል ለአንድ ሠርግ የሠራችው ቀይ ወጥ ጨው በዝቶበት ተመለሰ። የድግሱ ባለቤት ጨዋ ሰው ስለሆኑ ምንም አልተናገሩም፣ ቀሪ ሒሳቧንም ሰጧት። ወሬው ግን ከእኛ በፊት ሰፈር ደረሰ።

ነገሩን በቅጡ ያስረዳን የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪም ነው። ሙሉ የመንጋጋ ራጅ አስነስቶ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰካና እርሳስ አነሳ። ተሰብሮ የቀረው ሥር አጥንቷ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥግ፣ በውስጥ በኩል፣ ወደ ምላስ የሚሄድ ነርቭ አለ፤ በአንዳንድ ሰው ከአጥንቱ የሚለየው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። የምላስን የፊት ሁለት ሦስተኛ ክፍል ስሜት የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ጣዕም የሚያደርሰውም ቀጭን ነርቭ ከእሱ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ነርቩ ሲቆረጥ ወይም ሲጨፈለቅ ምላስ ይደነዝዛል፣ ጣዕምም አብሮ ይጠፋል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳት በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ ይመለሳል። ወራት አልፎ ምንም ካልተመለሰ ግን ተስፋው ይመነምናል፤ ነርቩን በቀዶ ጥገና መጠገን የሚቻለውም ቶሎ ሲደረስበት ነው። ይህንን ሁሉ ሲነግረን የእቴቴ ምላስ ወራት አስቆጥሮ ነበር።

«ዶክተር፣ ይህንኑ ይጻፉልን» አልኩት።

ጻፈ። የቀረ ሥር መኖሩን፣ ምላሷ ስሜት እንደሌለው ጻፈ። ራጅ ሳይነሳ መነካት እንዳልነበረበት በአፉ የነገረንን ግን ወረቀቱ ላይ አጣሁት። ብጠይቀው ዝም ብሎ ማኅተሙን መታ። አልፈረድኩበትም፤ የጥርስ ሐኪሞቻችን ቁጥር ትንሽ ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ የተማረ፣ አንዱ የአንዱን ታካሚ ነገ የሚቀበል ነው። ይሁንና የሕክምና ስህተት ጉዳይ አገራችን ውስጥ የሚታነቀው እዚህች ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በቃል የሚመሰክር ሞልቷል፣ በጽሑፍ የሚመሰክር የለም።

ክሊኒኩ ወሬው ሲደርሰው ሥራ አስኪያጁ ጠራን። ቡና አዘዘልን። የተከፈለውን ገንዘብ እንደሚመልስ፣ የቀረውንም ሥር በነፃ እንደሚያወጣ ተናገረና አንድ ገጽ ወረቀት አቀረበ፤ ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለንም የሚል። እቴቴ ወረቀቱን አየች፣ ሰውየውን አየች።

«ግራውን በገንዘቤ ወሰዳችሁ። በነፃ ደግሞ ቀኙን ልትወስዱ ነው?»

ሳንፈርም ወጣን።

ጠበቃ ያገኘነው በራሷ ወጥ ነው። ልጃቸውን ሲድሩ ያበሰለችላቸው አንድ ጎልማሳ ጠበቃ ነበሩ፤ ታሪኩን ሲሰሙ «ያንን ወጥ በልቻለሁ፣ ምስክርሽ ብሆን ይሻል ነበር፤ ግን ጠበቃም ምስክርም መሆን አይቻልም» አሏት። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ሕመሙ አይደለም። «ደረሰኝ አለሽ?» አሉ። እቴቴ የድግስ ቀብድ ከምትጽፍበት ደብተር መሃል አወጣችው፤ ከካሽ ማሽን የሚወጣው ዓይነት ነው፣ ጽሑፉ መንጣት ጀምሯል። ያንኑ ቀን ኮፒ አስደረጉት። ያቺን ወረቀት ከማንም ምስክር በላይ እንደምንፈልጋት ያኔ እሳቸው እንጂ እኛ አላወቅንም።

ሕጉን እንዲህ አስረዱን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 አንድ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ በሳይንስ የታወቀውን ወይም በሙያው ተቀባይነት ያገኘውን አሠራር ችላ ብሎ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል። በቁጥር 2647 ደግሞ ሐኪም «አድንሃለሁ» ብሎ በጽሑፍ ካልገባ በስተቀር ባለማዳኑ አይከሰስም፤ የሚከሰሰው በጥፋቱ ነው። ቁጥር 2651 ሐኪሙን ቀጥሮ የሚያሠራውን ተቋም በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ ያደርገዋል። «ስለዚህ ምላሷ ደነዘዘ ብለን ብቻ አንረታም» አሉ። «ምላስ በጥንቃቄም ሊደነዝዝ ይችላል። ማሳየት ያለብን ጥንቃቄው መጉደሉን ነው።» ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የይርጋው ጊዜ ሁለት ዓመት መሆኑንም ነገሩን። የሕክምና ጉዳይ የውል ነው፣ ስለዚህ አሥር ዓመት አለን ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እሳቸው ግን ደንበኛቸውን በክርክር ላይ አያሳድሩም። ይለቃል፣ ይለቃል እየተባለ ስንት ሰው ሁለት ዓመቱን እንዳሳለፈ አስቡት።

መጀመሪያ አቤቱታችን የሄደው የጤና ባለሙያዎችን ሥነ ምግባር ወደሚመረምረው ኮሚቴ ነው። እዚያ የሚታየው የሐኪሙ ፈቃድ እንጂ የታካሚው ኪሳራ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ሊሰጥ፣ ፈቃድ ሊያግድ ይችላል፣ ካሳ ግን አይፈርድም። ለእኛ የጠቀመን የባለሙያ አስተያየቱ ነው። በከፊል የተቀበረ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ያለ ራጅ መነቀሉ ከሙያው ደንብ ውጭ እንደሆነ፣ የነርቭ ጉዳት ሊደርስ እንደሚችልም ታካሚዋ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባ እንደነበር፣ በሌላ በኩል ይህ ጉዳት በጥንቃቄም ቢሠራ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም እንደሆነ ይላል። ሁለቱም ወገን ከአንዱ ወረቀት ለራሱ የሚስማማውን መስመር አሰመረበት።

ልደታ በሚገኘው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ምድብ ችሎት ክሱ ሲሰማ የክሊኒኩ መልስ አጭር ነበር፤ ራጅ ተነስቷል፣ ታይቷል። ካርዷ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲቀርብ እውነትም «ራጅ ታይቷል» የሚል መስመር አለበት። በሩ ላይ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያንን መስመር ሳነብ ጆሮዬ ጭው አለ። ጠበቃችን ግን ፊልሙ ይቅረብ አሉ። ፊልሙ ለታካሚዋ ተሰጥቷል ተባለ። ያኔ ደረሰኙን አቀረቡ፤ ዋናው ነጥቶ አልቋል፣ ኮፒው ይነበባል። ካርድ፣ ማስነቀል፣ መድኃኒት። የራጅ ክፍያ የለም። ክሊኒኩ ራሱ ባቀረበው የዋጋ ዝርዝር ላይ ግን ራጅ ለብቻው የሚከፈልበት ነው። ዳኛዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ፣ ከዚያ ለጸሐፊዋ አንድ ነገር አስጻፉ። የክሊኒኩ ጠበቃ ስለ ራጅ ከዚያ በኋላ አላነሱም።

ጥፋቱ በዚያ ተያዘ። ጉዳቱን በገንዘብ ማሳየት ግን የባሰ ሆነብን። የሆስፒታሉ የሕክምና ቦርድ የሰጣት የጉዳት መቶኛ ዝቅተኛ ነው፤ እጅ አላጣች፣ እግር አላጣች፣ ትናገራለች፣ ትውጣለች። ገቢዋንስ በምን ታሳይ? ደመወዝ የላት፣ የንግድ ፈቃድ የላት። የክሊኒኩ ጠበቃ ይህንን ደጋግመው አነሱ፤ ግብር ያልተከፈለበት ገቢ ተቋረጠ ተብሎ ካሳ አይጠየቅም አሉ። እኛ ያለን የቀብድ ደብተሯና ያበሰለችላቸው ሰዎች ናቸው። ሰዎቹ መጡ፤ ልጆቻቸውን የዳሩ እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው፣ ድሮ ስንት እንደከፈሏትና ዘንድሮ ለምን እንዳልጠሯት መሰከሩ። አንዷ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እወዳታለሁ፣ ግን ለልጄ ሠርግ አልደፈርኩም» ሲሉ እቴቴ አንገቷን ደፋች።

የማልረሳው ግን የክሊኒኩ ጠበቃ እሷን የጠየቋት ጥያቄ ነው። ጎበዝ ሰው ናቸው፣ የሚካድ አይደለም።

«እመቤቴ፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እጾማለሁ።»

«ለቅዳሜ ሠርግ ወጡ የሚሠራው መቼ ነው?»

«ዓርብ።»

«ዓርብ የሥጋ ወጥ ይቀምሳሉ?»

«እንዴት ብዬ!»

«እንግዲያው ጤነኛ ሳሉም ሳይቀምሱ ነበር የሚሠሩት።»

ችሎቱን ሳቅ አፈነው። ጠበቃችን ብዕራቸውን አስቀመጡ። እኔ አለቀልን አልኩ፤ ምክንያቱም የተባለው ሁሉ እውነት ነው። እቴቴ ግን ወጥ ቤት እንደተጠየቀች ሁሉ ተረጋግታ መለሰች።

«ዓርብ በአፍንጫዬ እሠራለሁ። ሽንኩርቱ መብሰሉን፣ በርበሬው ማረሩን አለማረሩን፣ ቅቤው መዋሃዱን አፍንጫ ይነግረኛል። ጨው ግን አይሸትም። ጨዉን ዓርብ አሳንሼ አድራለሁ፤ ቅዳሜ በማለዳ እንግዳ ሳይገባ ቀምሼ አስተካክላለሁ። ጨው ያነሰበት ወጥ ይድናል፣ የበዛበት አይድንም። አሁን የቀረብኝ ያቺ የቅዳሜ ማለዳዋ ናት።»

«የቀኙ ምላስዎ ደህና አይደለም እንዴ?»

«ደህና ነው። የርስዎም ሁለት ዓይን ነው፤ አንዱን ጨፍነው መርፌ ውስጥ ክር ያግቡ እስቲ።»

ዳኛዋ «መልሱ ብቻ ይመዝገብ» አሉ፣ ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፍነው።

ፍርዱ በ2016 ዓ.ም. ተሰጠ። ክሊኒኩ ጥፋተኛ ነው ተባለ፤ ለሕክምና ያወጣችውና የቀረውን ሥር በቀዶ ጥገና ያስወጣችበት ወጪ በደረሰኝ ልክ 38,400 ብር ተፈረደላት። ለተቋረጠው ገቢ የጠየቅነው ከ500,000 ብር በላይ ነበር። ፍርድ ቤቱ ደብተሩን ብቻውን በቂ ማስረጃ አድርጎ አልተቀበለውም፤ ጉዳቱ መኖሩ ተረጋግጦ ልኩን በትክክል ማወቅ ሲያዳግት ዳኛው በርትዕ እንዲወስን በሚፈቅደው ቁጥር 2102 መሠረት 120,000 ብር ቆረጠ። በእኔ ግምት ይህ ክፍል ፍትሐዊ ነው። ደብተሯን ብቻ አይቶ ግማሽ ሚሊዮን የሚፈርድ ፍርድ ቤት ነገ በሐሰት ደብተር ይሞላል።

ቀጥሎ የሞራል ካሳ ተነበበ። ምላሷን ነክሳ ደሟን በእንጀራ ላይ ያየችበት፣ ልጆቿ የሠራችውን በልተው «ጣፍጧል» ሲሉ ማመን ያቃታት፣ ሕይወቷን ሙሉ ያዘዘችበት ድስት ፊት እንደ እንግዳ የቆመችበት ለዚያ ሁሉ፣ 1,000 ብር። እቴቴ ወደ እኔ ዘንበል ብላ «የቀረውን ሌላ ቀን ያነቡታል?» አለችኝ።

የቀረ የለም። ቁጥር 2116 ንዑስ ቁጥር 3 የሞራል ካሳ በምንም ሁኔታ ከአንድ ሺህ ብር ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ዳኛዋ የፈቀዱት ሕጉ የፈቀደላቸውን ከፍተኛውን ነው፤ ያነሰም ሊሰጡ ይችሉ ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ይህ ሕግ በሚያዝያ 1952 ዓ.ም. ሲታወጅ አንድ ሺህ የኢትዮጵያ ብር 400 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር። አንድ ሰው ሐዘኑን ነግዶ እንዳይከብር ጣሪያ ማበጀት በዚያ ዘመን ትርጉም ነበረው እንበል። ዛሬ ያው አንድ ሺህ ብር አሥር ዶላር አይሞላም። እህቴ ለአንድ ሠርግ የምትገዛው ቅቤ ኪሎው ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ስሌቱን ራሱ ይሥራ። ጣሪያው ከቁመታችን በታች ወርዶ ጎንበስ ብለን የምንገባበት ከሆነ ቆይቷል።

ክሊኒኩ ይግባኝ ጠየቀ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። ገንዘቡ በአፈጻጸም መዝገብ ገባ፣ ለጠበቃችን ድርሻቸው ተከፈለ፣ የዳኝነቱም ክፍያ ተመለሰላት። ሐኪሙን አንድ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ አገኘነው። ክሊኒኩን ለቋል። እቴቴን ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፣ እሷም «ልጄ፣ ራጅ አንሳ እንግዲህ» ብላ መለሰችለት። ሁለቱም የተናደዱ አይመስሉም ነበር፤ የተናደድኩት እኔ ነኝ።

አሁንም ታበስላለች። ቅዳሜ ማለዳ የምትቀምሰው ትልቋ ልጇ ናት፤ እናትየው ከጎኗ ቆማ «ከላይ ነው ወይስ ከታች? ወዲያው ነው የመጣው ወይስ ዘግይቶ?» እያለች ታናዝዛታለች። የሚጠሯት ሰዎች ከድሮው ያነሱ ቢሆኑም የተመለሱም አሉ።

የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ ልታስነቅሉ የምትሄዱ፣ ራጅ ጠይቁ፤ ፊልሙን በስልካችሁ አንሱት፣ ደረሰኙንም ሳይነጣ ኮፒ አድርጉት። «ይለቃል» የተባላችሁበትንም ቀን ጻፉ፤ ሁለት ዓመቱ ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ እየቆጠረ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ማሻሻል የእጃችሁ የሆነ የሕዝብ እንደራሴዎችና የሕግ አርቃቂዎች ደግሞ፣ ሌላው ሁሉ ይቆየንና ቁጥር 2116 ንዑስ ቁጥር 3ን አስቀድሙልን።